የማርልቦሮ ቤተሰብ ሥዕል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ የእንግሊዝ መኳንንት ሥዕል ሲነሳ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል። ሁሉም ደርቀው ቆመዋል፣ ሁሉም ሐር ለብሰዋል፣ ሁሉም አኩርፈዋል። አልፈርድበትም። አንዱ ሥዕል ላይ ግን እንደ ሐውልት መቆም እምቢ ያለች የአራት ዓመት ልጅ አለች። ይህ ገጽ ስለዚያ ሥዕል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕሉ ምንድን ነው? ማንስ ሣለው?

የአራተኛው የማርልቦሮ ዱክ፣ የጆርጅ ስፔንሰር ቤተሰብ ሥዕል ነው። ዱክ በእኛ መስፍን እንደማለት ነው። የሣለው ሰር ጆሹዋ ሬኖልድስ ሲሆን በ1777 ጀምሮ በ1778 ጨረሰው። በዚያው ዓመት የሠዓሊዎች ማኅበር በሆነው በለንደኑ ሮያል አካዳሚ ዓመታዊ ዐውደ ርእይ ላይ ለሕዝብ ታየ። በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ነው። ቁመቱ ከ3 ሜትር ያልፋል፣ ወርዱም 3 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

ሬኖልድስ ያኔ የሙያው አናት ላይ ነበር። ሮያል አካዳሚ በ1768 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ነው። በዓመቱ ንጉሡ ሰር አለው። ለንደን ውስጥ "ሬኖልድስ ሣለኝ" ማለት ራሱን የቻለ ማዕረግ ነበር።

ማርልቦሮ ሲባል ከሲጋራው ጋር ይገናኛል?

በሩቁ፣ አዎ። የሲጋራው ስም የመጣው ፋብሪካው ለንደን ውስጥ ከነበረበት ግሬት ማርልቦሮ ስትሪት ከሚባል መንገድ ነው ይባላል። መንገዱ ደግሞ የተሰየመው በመጀመሪያው የማርልቦሮ መስፍን ነው። ከዚያ ያለፈ ዝምድና የለም።

ሥዕሉ ላይ ያሉት እነማን ናቸው?

ስምንት ሰዎች ናቸው፤ አባት፣ እናትና ስድስት ልጆች። የተቀመጠው መስፍኑ ነው። ሚስቱ ካሮላይን ቆማለች። እሷም የቤድፎርድ መስፍን ልጅ ናት፣ በዘር ከባሏ አታንስም። ከአባቱ ጋር ያለው ልጅ የመጀመሪያ ወንድ ልጁና የማዕረጉ ወራሽ ጆርጅ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለቱ ትልልቅ ሴቶች ካሮላይን እና ኤልዛቤት ይባላሉ። ሄንሪ ሰባት ዓመቱ ነው። ሻርሎት ስምንት ገደማ ናት። የመጨረሻዋ አን ነች፣ የአራት ዓመት ልጅ። ከነሱ ጋር ውሾችም አሉ፤ ያለ ውሻ የእንግሊዝ መኳንንት ሥዕል ብርቅ ነው።

ከበስተኋላ ዘጠነኛ ሰው የሚመስል ነገር ይታያል። እሱ ሐውልት ነው፤ የቤቱ መሥራች፣ የመጀመሪያው መስፍን፣ የጦር አበጋዙ የጆን ቸርችል ሐውልት። ሞቶም ከቤተሰቡ ጋር ይሣላል።

"ልጆቹ ስምንት ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ሁለቱ የት ሄዱ?" የሚል ጥያቄም ይመጣል። ገና አልተወለዱም ነበር። ፍራንሲስ በ1779፣ አሚሊያ በ1785 ነው የመጡት።

ትንሿ ልጅ ለምን ፈራች?

የሥዕሉ ነፍስ እዚህ ጋ ነው። ከፊት ለፊት ሻርሎት ፊቷን በትልቅ ጭንብል ሸፍና ታናሽ እህቷን ታስፈራራለች። አን ደግሞ ወደኋላ ሸሸት ብላ ትልቅ እህቷ ቀሚስ ውስጥ ልትወሸቅ ነው። ከበላያቸው ካባ፣ ዓምድ፣ መጋረጃ፣ ሐውልት አለ። ከታች ግን የሁለት እህትማማቾች ተንኮል ነው።

ለዘመናት የሚተረከው ታሪክ እንዲህ ነው። አንን ወደ ሬኖልድስ ሲያመጧት ገና በሩ ላይ ደነገጠች። ወደኋላ አፈገፈገች፣ የሞግዚቷን ቀሚስ ጨመደደች፣ አልሣልም ብላ ጮኸች። ፎቶ ቤት የሚያለቅስ ልጅ ይዞ የሄደ ሁሉ ያንን ሰዓት ያውቀዋል። ሬኖልድስ ግን አላባበላትም፣ በከረሜላም አልደለላትም። እንዳለችው እንዲያው ሣላት። መፍራቷን ካስቀረ በኋላ ለፍርሃቷ ምክንያት ፈለገላት፤ ጭንብሉን ለሻርሎት ሰጣት።

የሥዕል ታሪክ አጥኚዎች ሌላም ያነሣሉ። በጭንብል ጓደኛውን የሚያስፈራራ ሕፃን በጥንታዊ የሮማ ቅርጻ ቅርጽ ላይ የሚገኝ ጨዋታ ነው። ሬኖልድስ ወጣት ሳለ ሮም ሁለት ዓመት ተቀምጦ የጥንቱን ሥራ ሲያጠና ነበር። መስፍኑም የጥንት ቅርጽ ሰብሳቢ ነው። ስለዚህ ጭንብሉ ለባለቤቱ ጣዕም የተወረወረ ጥቅሻ ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለቱንም አብሬ እቀበላለሁ። ልጅቷ ፍርሃቱን ሰጠችው፣ ሮም መልኩን ሰጠችው።

ደግሞ የሚገርመው፣ ሬኖልድስ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ልጆችን ግን እንደሱ አድርጎ የሣለ ያኔ አልነበረም ብል አላጋነንኩም።

ያ ሁሉ ካባ ምንድን ነው?

የጋርተር ኒሻን ካባ ነው። ጋርተር በ1348 የተመሠረተ የእንግሊዝ ከፍተኛው የክብር ማኅበር ነው። ከንጉሡና ከአልጋ ወራሹ ሌላ መደበኛ አባላቱ 24 ብቻ ናቸው። መስፍኑ በ1768 ነው የተሾመው። እንግዲህ ሰው ቤቱ ውስጥ ከልጆቹ ጋር እንዲህ ለብሶ አይውልም። የለበሰው ለሥዕሉ ነው።

ለእኛ አንባቢ ኒሻኑ እንግዳ አይደለም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ለንደንን በጎበኙ ጊዜ ይኸው የጋርተር ኒሻን ተሰጥቷቸዋል። የማኅበሩ ቤተ ክርስቲያን የዊንዘሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረበት ማለት ነው።

በሥዕሉ ላይ የሚታየው ትንሽ ድንጋይስ?

መስፍኑ የያዘው የተቀረጸ የከበረ ድንጋይ ነው። ልጁ ደግሞ የድንጋዮቹን ማስቀመጫ ሣጥን ይዟል። ሰውየው በዚህ ነገር ያበደ ነበር። ከ700 በላይ የተቀረጹ ድንጋዮች ሰብስቧል። አንዳንዶቹ የጥፍር ያህል ናቸው፤ ላያቸው ላይ ግን የነገሥታት ፊትና የአማልክት ሠርግ ተቀርጾባቸዋል። አባት ድንጋዩን፣ ልጅ ሣጥኑን ሲይዝ መልእክቱ ግልጽ ነው። ይህ ሁሉ ነገ ያንተ ነው።

አልሆነም። በ1875 ሰባተኛው መስፍን ስብስቡን በሙሉ በ36,750 ፓውንድ ሸጠው። የገዛው ሰው ቤተሰብ ደግሞ በ1899 በጨረታ በታተነው። ከሁሉ የታወቀው፣ የኩፒድና የሳይኪ ሠርግ የተቀረጸበት፣ ዛሬ አሜሪካ ቦስተን ሙዚየም ውስጥ ነው።

መስፍኑ ምን ዓይነት ሰው ነበር?

ዓይን አፋር። በወጣትነቱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሹመት ነበረው፣ ግን ቶሎ ተወውና ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ኮከብ ማየት፣ ድንጋይ መሰብሰብ፣ ግቢ ማሳመር ሆነ ሥራው። ብሌንሃይም የሚባለውን የቤተሰቡን ቤተ መንግሥት ሐይቅና መስክ በዘመኑ ስመ ጥር በነበረው የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ በኬፓቢሊቲ ብራውን ያሠራው እሱ ነው። ሲያረጅ ጨርሶ ዝም አለ። ሦስት ዓመት ያህል ቃል ሳይተነፍስ ቆይቶ፣ ወሬኛዋ ፈረንሳዊት ደራሲ ማዳም ደ ስታል ልትጎበኘው መጣች ሲሉት ብቻ ከዚህ አውጡኝ አለ ይባላል። ተረት ይሁን እውነት፣ ሰውየውን ይመስላል።

ስምንቱም አንድ ላይ ቆመው ነው የተሣሉት?

አይደለም። ቢሆን ኖሮ አን ክፍሉን ትበጠብጠው ነበር። ያኔ ቡድን የሚሣለው ሰው በሰው ነው። ሠዓሊው የእያንዳንዱን ፊት ለብቻ ያያል፤ አቀማመጡን ግን በትንሽ ንድፍ አስቀድሞ ይጨርሰዋል። ከዚያ ትልቁ ሸራ ላይ ያገጣጥማቸዋል። ልብሱን፣ መጋረጃውንና የመሳሰለውን ብዙ ጊዜ ረዳቶች ይሠሩታል። የሬኖልድስ ስቱዲዮም በዚህ መንገድ ነበር የሚሠራው። ደንበኛው የሚከፍለው በዋነኛነት ለፊቱና ለሐሳቡ ነው።

ለንደን ሌስተር ፊልድስ በነበረው ቤቱ አንድ ሰው ለአንድ ጊዜ ቁጭታ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይወስድበት ነበር። ተሣዩ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወንበሩ ዛሬም ሮያል አካዳሚ አለ። ሬኖልድስ ራሱ ቆሞ፣ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ረጅም ብሩሽ፣ ወደፊትና ወደኋላ እያለ ነበር የሚሠራው። ከጎን መስታወት ስለሚያቆም ተሣዩ ሥራው ሲሄድ ማየት ይችላል። መሰላቸት እንዳይመጣ መሆኑ ነው።

ለዚህ ሥዕል ግን ራሱ ወደ ብሌንሃይም ወረደ። እዚያ ሳለ የተፈጠረ ሌላ ወሬ አለ። ሬኖልድስ ሱረት የሚወድ ሰው ነበር፤ ሲሥል ምንጣፉ ላይ ያራግፈዋል። ወይዘሮ ካሮላይን ይህን አየችና መጥረጊያ የያዘ አሽከር አስጠራች። ሬኖልድስ ግን አሽከሩን መለሰው። ጠርገህ የምታስነሣው አቧራ ሥዕሌን ይጎዳል፣ የኔ ሱረት ምንጣፉን ከሚጎዳው ይበልጣል አለው አሉ። ምንጣፉ የማን እንደሆነ ለአፍታ የተረሳ ይመስላል።

ለምን እንዲህ ግዙፍ ሆነ?

የቤተሰብ ሥዕል በዘመኑ ብዙ ነበር። አብዛኛው ግን ትንሽ ነው፤ ሻይ ሲጠጡ፣ ሙዚቃ ሲጫወቱ፣ አትክልት ቦታ ሲንሸራሸሩ የሚያሳይ። ዮሃን ዞፋኒ በዚህ ዓይነቱ የተካነ ነበር። ሬኖልድስ የፈለገው ሌላ ነው። ከዚያ መቶ አርባ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሠዓሊው ቫን ዳይክ የፔምብሮክን ቤተሰብ ከ5 ሜትር በሚሰፋ ሸራ ላይ ሥሎ ነበር፤ ዊልተን በሚባለው ቤታቸው እስከ ዛሬ አለ። ሬኖልድስ ትከሻ የሚለካው ከዚያ ጋር ነው።

ስንት ተከፈለው?

700 ጊኒ። ጊኒ 21 ሺሊንግ ነው፣ ስለዚህ ወደ 735 ፓውንድ ይሆናል። የአንዲት ቤት ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ያኔ ብዙውን ጊዜ ከ10 ፓውንድ አይዘልም ነበር። በዚህ ሒሳብ ሥዕሉ የአንዲት ሠራተኛ የ70 ዓመት ደመወዝ ነው። ሬኖልድስ ደግሞ ግማሹን ቅድሚያ መቀበል ልማዱ ነበር። ከመኳንንት ገንዘብ መሰብሰብ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

የቤተሰቡ ሀብት ከየት መጣ?

ከጦርነት። በ1704 ጆን ቸርችል ባቫሪያ ውስጥ፣ ብሌንሃይም በምትባል መንደር አጠገብ፣ የፈረንሳይንና የባቫሪያን ጦር ድል ነሣ። ንግሥት አን የዉድስቶክን መሬት ሰጠችው። ቤተ መንግሥቱ በመንግሥት ገንዘብ ተጀመረና በመንደሯ ስም ተጠራ። ፓርላማው ደግሞ ከፖስታ ገቢ በየዓመቱ 5,000 ፓውንድ ለእሱና ለወራሾቹ ቆረጠ። ለመሬቱ የሚከፈለው ግብር አንድ ባንዲራ ነው። የድሉ ዕለት ሲመጣ በፈረንሳይ ንጉሥ ዓርማ የተሠራ ባንዲራ ወደ ዊንዘር ይላካል። እስከ ዛሬ።

ጥቁር ሰው በእነዚህ ሥዕሎች ላይ የለም ወይ?

በዚህኛው ላይ የለም። ግን ጥያቄው ትክክል ነው። የዘመኑ የእንግሊዝ መኳንንት ጥቁር አገልጋይን ከጎናቸው ማሣል ይወዱ ነበር፤ እንደ ዕንቁና እንደ ሐር፣ የሀብት ማሳያ አድርገው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሬኖልድስ በ1761 ሌዲ ኤልዛቤት ኬፐልን ሲሥል አበባ የምታቀብላት ጥቁር ሴት አብራ አለች። ኬፐል በኋላ የወይዘሮ ካሮላይንን ወንድም አገባች። ሥዕሉ የቤድፎርዶች ቤት፣ ዎበርን አቢ ነው ያለው። የተሣለችው መኳንንት ስሟ ከነማዕረጉ ተጽፏል። የአበባ አቀባይዋ ስም በሥዕሉ ርእስ ላይ የለም።

ያው ሠዓሊ በ1776 ግን ማይ የተባለውን የፖሊኔዥያ ሰው ብቻውን፣ ሙሉ ቁመናውን፣ እንደ መስፍን አግንኖ ሣለው። ያ ሥዕል በ2023 በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ነው የተገዛው።

ልጆቹ በኋላ ምን ሆኑ?

እኔን ከሥዕሉ የማያላቅቀኝ ይህ ነው።

ሣጥኑን የያዘው ልጅ አምስተኛው መስፍን ሆነ፣ ገንዘብም በተነ። በ1812 በጨረታ ላይ በ1471 ቬኒስ የታተመ አንድ መጽሐፍ በ2,260 ፓውንድ ገዛ። አንድ መጽሐፍ ነው የምላችሁ። ያባቱን የቤተሰብ ሥዕል ሦስት ጊዜ የሚያሠራ ገንዘብ። በሰባት ዓመቱ ዕዳ አናቱ ላይ ወጣና ቤተ መጻሕፍቱ ሲሸጥ ያው መጽሐፍ 918 ፓውንድ አወጣ።

ሄንሪ ዲፕሎማት ሆኖ በ1795 በርሊን ውስጥ ሞተ፤ 24 ዓመቱ ነበር። ሁለቱ ትልልቅ ሴቶች ወግ ባለው ጋብቻ ተዳሩ፣ ኤልዛቤት ለዘመዷ፣ ካሮላይን ለክሊፍደን ጌታ።

ጭንብል የያዘችው ሻርሎት ጉድ አፈላች። ቤተሰቡ በ1780ዎቹ ቤት ውስጥ ቲያትር መሥራት ጀምሮ ነበር። ከተዋንያኑ አንዱ ኤድዋርድ ኔርስ የሚባል ከኦክስፎርድ የመጣ፣ ኋላ ቄስ የሆነ ወጣት ምሁር ነው። በልምምድ መሀል ተዋደዱ። የመስፍን ልጅ ለድሃ ቄስ! ወላጆች አይሆንም አሉ። በ1797 ሄንሊ በምትባል ከተማ ተጋቡ፣ ወላጆቿም ፊት ነሷት። በ1802 ሞተች። ኔርስ በኋላ ኦክስፎርድ የታሪክ ፕሮፌሰር ሆነ። በስምንት ዓመቷ እጇ ላይ የተሣለው የቲያትር ዕቃ መሆኑን ሳስብ ዝም እላለሁ።

አንስ? በ1796 ክሮፕሊ አሽሊ ኩፐርን አገባች፤ ኋላ ስድስተኛው የሻፍትስበሪ ጌታ የሆነውን። የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸው ሰባተኛው ሻፍትስበሪ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ሕፃናትን ከከሰል ጉድጓድና ከፋብሪካ ለማውጣት ዕድሜውን የጨረሰው። የ1842ቱ ሕግ ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶችን ከማዕድን ጉድጓድ ያስወጣው በእሱ ግፊት ነው። ለንደን የኖረ ሰው ፒካዲሊ አደባባይ ላይ ክንፍ ያለውን ሐውልት ያውቀዋል። እሱ የቆመው ለዚህ ሰው መታሰቢያ ነው። ሻፍትስበሪ ግን ከወላጆቹ ፍቅር አላየም። ያሳደገችኝ ሞግዚቴ ናት ባይ ነበር። የሞግዚት ቀሚስ ጨምድዳ ያለቀሰችው አን እናቱ መሆኗን እዚህ ላይ አስታውሱ።

ዊንስተን ቸርችል የነሱ ወገን ነው? ልዕልት ዳያናስ?

ሁለቱም። ቸርችል በ1874 እዚያው ብሌንሃይም ውስጥ ተወለደ። ሣጥን የያዘው ልጅ የአያቱ አያት ነው። ዳያና ስፔንሰር ደግሞ የምትወርደው ከሦስተኛው መስፍን ታናሽ ወንድም ነው። ቤተሰቡ ቸርችል የሚለውን ስም መልሶ ከስፔንሰር ጋር ያጣመረው በ1817 ነው።

የት ሄጄ ልየው?

ብሌንሃይም ቤተ መንግሥት፣ ዉድስቶክ፤ ከኦክስፎርድ ከተማ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከለንደን ፓዲንግተን ባቡር ይዞ ኦክስፎርድ፣ ከዚያ አውቶቡስ። የቤተሰቡ መኖሪያ ቢሆንም ለጎብኚ ክፍት ነው። ሥዕሉ ቀዩ ሳሎን በሚባለው ክፍል ተሰቅሏል።

ትኬት ከቆረጣችሁ አይቀር ዞር ብላችሁ ከፊት ለፊቱ ያለውንም እዩ። ዘጠነኛው መስፍን ለሬኖልድሱ አቻ የሚሆን ሥዕል ፈልጎ በ1905 ጆን ሲንገር ሳርጀንትን አሠርቷል። በሱ ላይ ሚስቱ አሜሪካዊቷ ኮንሱዌሎ ቫንደርቢልት ናት፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውም አሉ። ኮንሱዌሎ ከባሏ ትረዝም ነበር። ሳርጀንት ይህን አልደበቀውም፤ እንዲያውም ደረጃ ላይ አቁሞ ይበልጥ ከፍ አደረጋት። በዓመቱ ተለያዩ። ሁለቱን ሥዕል ለማየት የክፍሉ መሀል ቆሞ መዞር ብቻ ነው።